የመሐንዲሱ ንክሻ

«እማ! እማ! መሐንዲሱ ዳቦውን በሉት!»

«ይብሉታ! ለመብላት አይደል እንዴ ጠዋት የላክሁላቸው» አለች እናቴ ቀና ሳትል። ግቢያችንን ሰንጥቆ በሚያልፈው የውሃ ቦይ ዳር ተንበርክካ ምንጣፍ እያጠበች ነበር፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሷል።

«ያንን አይደለም እኮ፣ እማ!»

«የትኛውንም ይብሉ፤ እኔ ደስታዬ ነው። ሰውነታቸው እንዴት እንዳለቀ አላየሽም? ሱሪያቸው በቀበቶ ሳይሆን በአላህ ፈቃድ ነው ወገባቸው ላይ የቆመው።»

«ሌላ ዳቦ ነው የምልሽ! የ… የ…»

ስሙን ልጠራው አልቻልኩም። የዳቦውን ባለቤት ስም በዚያ ወሬ ላይ ካነሳሁት የፈራሁት ነገር እዚያው የሚፈጸም መሰለኝ። እናቴ ግን መንተባተቤን ለጥፋት ቆጠረችው።

«አንቺ ልጅ፣ ጣሪያ ላይ የሰደድኩሽ አፕሪኮቱን እንድታገላብጪ ነው ወይስ የጎረቤት ጉርሻ እንድትቆጥሪ? ውጪ ብያለሁ! ዝንብ ሳይጨርሰው!»

ተመልሼ ወጣሁ። ለመድረቅ የተሰጣውን የአፕሪኮት ፍሬ እያገላበጥኩ አለቀስኩ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያች ቀን በመርጊላን ከተማ ውስጥ ዛፋር እንደማይመለስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዛፋር የጎረቤታችን የመሐንዲሱ የኖርማት-አካ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ከሦስት ሴቶች በኋላ የመጣ። ትልቅ ትንሹ አባቱን «ኖርማት-አካ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ «አካ» ታላቅ ወንድም ማለት ነውና ሁሉም ሰው ታናሽ ወንድማቸው የሆነ ይመስል። ልጁ ለውትድርና የተወሰደው ባለፈው የጥጥ ለቀማ ሰሞን ነበር። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጆሮው እንደ ድስት እጀታ ቆሞ፣ በር ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ እናቱ ኦይኒሳ-ኾላ ከምድጃው የወጣ ትኩስ ክብ ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። አክስቴ ባይሆኑም ኾላ ነበር የምላቸው። ዳቦው መካከሉ ላይ ጌጥ ተወጋግቶበታል፤ በሰፈራችን እያንዳንዷ ሴት የራሷ መውጊያ አላት፣ የኦይኒሳ-ኾላ የሮማን አበባ ነበር። ዛፋር ከጠርዙ ነከሰ። የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈ ስለሆነ ንክሻው መሐል ላይ ትንሽ ጉብታ ቀረች። ጥርሱ የተሸረፈው አባቱ ለሰፈር ልጆች ቦዩ ላይ ከሠሩት የውሃ መዘውር ወድቆ ነው፤ ከዚያ መዘውር ያልወደቀ የሰፈራችን ልጅ የለም።

«ዋጠው እንጂ» አሉ እናቱ።

«እየዋጥኩ ነው።»

«አኝከህ!»

«እማዬ፣ አውቶቡሱ!»

የቀረው ዳቦ እንግዳ ክፍል ውስጥ፣ ከተደራረቡት ፍራሾች በላይ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። የዛፋር ነው፤ ሲመለስ ይጨርሰዋል። እስከዚያ ማንም አይነካውም። ሌላ ሰው ከበላው ግን… ትልልቆቹ ሰዎች ከዚህ በላይ ነግረውኝ አያውቁም። የቀረውን እኔው ሞላሁት።

አሁን ስለ ኖርማት-አካ ሳወራ «ታላቅ ሰው ነበሩ» ማለት ይቃጣኛል፤ ለቀብራቸው ከዋና ከተማው የመጡት ባለ ክራቫቶችም ያሉት ይህንኑ ነው። ለእኔ ግን ሐብሐብ የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ግቢ ሐብሐብ በዓይን አይቆረጥም። ክር ይዘው ይለኩታል፣ በጥፍራቸው ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ ነው ቢላዋው የሚነሳው። ልጆቹ ምራቃችንን እየዋጥን ክብ ሠርተን እንጠብቃለን። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ለአመል ያህል እንኳ ከበለጠ ፊታቸው ይጠቁራል።

«የዛፋር አባት፣ ሐብሐብ እኮ ነው፣ ግድብ አይደለም!» ይላሉ ኦይኒሳ-ኾላ።

«ግድብ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር» ይላሉ እሳቸው።

ወደ ላይኛው ደረቅ መሬት ውሃ የሚያወጣውን የፓምፕ ጣቢያ የሠሩት እሳቸው ናቸው። የላይኛው መንደር ሰዎች ዛሬም ቧንቧ ከፍተው ውሃ ሲመጣ ስማቸውን ያነሳሉ፤ ውሃ ሲጠፋም ያነሳሉ፣ በሌላ ድምፅ። በትልቁ ቦይ ላይ ያለው ድልድይም የእሳቸው ነው። ድልድዩ በተመረቀ ቀን፣ ጥጥ የጫኑት መኪኖች ከማለፋቸው በፊት፣ ምንጣፍ ይዘው ከሥሩ ገብተው ተቀመጡ። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሚወድቅ ከሆነ እኔው ላይ ይውደቅ» አሉ። ባለሥልጣኖቹ ግራ ተጋብተው ቆመው ሳለ ኦይኒሳ-ኾላ ከሴት ልጆቻቸውና ከዛፋር ጋር፣ የሩዝ ፕሎቭ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቁልቁለቱን ወረዱ።

«የዛፋር አባት፣ ብቻዎን ሊሞቱ ኖሯል? ምሳው ለማን ተሠራ?»

መኪኖቹ ከላይ እያለፉ፣ አቧራው ሩዙ ላይ እየወረደ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ምሳውን በላ። እኔ ያኔ ጡት እጠባ ነበር፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። «እኔንም ጠርተውኝ ነበር» ትላለች። «ኖርማት-አካን አምናቸዋለሁ፤ ሲሚንቶ ያቦኩትን ልጆች ግን አውቃቸዋለሁ አልኩና ቀረሁ።»

ወደዚያ በጋ ልመለስ። በዚያ በጋ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ስለ «ወንዙ ማዶ» ብቻ ነበር። ዛፋር ወንዙን ተሻግሯል። ከወንዙ ማዶ ደብዳቤ ቀርቷል። የዳቦ መሸጫው ሰውዬ የእህት ልጅ ከወንዙ ማዶ በተበየደ የብረት ሳጥን መጣ። እዚህ ላይ ሲደርሱ እኔን ያዩና ስለ ጥጥ ዋጋ ማውራት ይጀምራሉ። እኔ የማውቀው ወንዝ አንድ ነው፤ ድልድዩ ያለበት ትልቁ ቦይ። ስለዚህ ነገሩ አልገባኝም። ኖርማት-አካ የመዘውሩን ክንፍ ሲጠግኑ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ኖርማት-አካ፣ ዛፋር ለምን በድልድዩ አይመጣም?»

«በየትኛው ድልድይ?»

«እርስዎ በሠሩት። ወንዙ ማዶ አይደል ያለው?»

መዶሻውን አስቀመጡ። ከእንጨቱ ላይ ስንጣሪ ነቀሉ።

«ሳዮራ፣ ድልድይ ከሁለት በኩል ነው የሚሠራው። እኔ የዚህን በኩል ሠርቻለሁ።»

«የዚያን በኩልስ?»

«እሱን ነው የምንጠብቀው።»

ከሰዓት በኋላ እናቴን ሳልነግር ድልድዩ ድረስ ሄጄ አየሁ። በሁለቱም በኩል ተሠርቶ አልቋል። መሐንዲስም ይዋሻል ማለት ነው ብዬ ተመለስኩ። የተማርኩት አሥረኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ያ «ወንዝ» ከእኛ የቀናት መንገድ እንደሚርቅ፣ ከማዶውም ጦርነት እንደነበረ ካርታ ላይ ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በሰባት ዓመቴ ግን በአንድ ነገር የዋሸ ሰው በሌላውም ይዋሻል ብዬ አመንኩ፤ የጣሪያውን ነገር ያየሁትም በዚያ ዓይን ነው።

የእኛና የእነሱ ጣሪያ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በመካከሉ ከጉልበት የማይዘል የጭቃ ግንብ ብቻ አለ። ጣሪያው በአፕሪኮት ወርቅ መስሏል፣ ሽታው ራስ ያዞራል፣ ጭቃው ባዶ እግር ያቃጥላል። ከግንቡ ጥላ ሥር ተኝቼ ሳለ መሰላሉ ተንቋቋ። ኖርማት-አካ ወጡ፤ በሥራ ቀን፣ በቀትር! ግራ ቀኝ አዩ። ጥግ ላይ የተዘረጋውን ነጠላ ጨርቅ ገለጡ፤ ከሥሩ ዳቦ አለ። የሮማን አበባ ያለበት፣ ደረቅ ዳቦ። እንዲህ ያለ ደረቅ ዳቦ በዚያ ቤት አንድ ብቻ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ቦታው ደግሞ ሚስማሩ ላይ ነበር።

ከኪሳቸው ትንሽ ጽዋና የቀለም ብሩሽ አወጡ። ብሩሹን እየነከሩ ዳቦውን ቀቡት፤ ቡናማ ነገር ነው፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል። የነጠረ ቅቤ ነው አልኩ በልቤ። ቅቤ እየቀቡት ነው! ከዚያ እኛ ልጆች እንዳንነካው የተከለከልነውን የብረት መለኪያ አወጡ። መሐረባቸውን ፈቱ፤ ውስጡ ቁራጭ ደረቅ ዳቦ አለ። ቁራጩን በመለኪያው ይይዛሉ፣ ከዚያ ትልቁን ዳቦ ይይዛሉ፣ እንደገና ቁራጩን። ገባኝ፤ ሳይታወቅባቸው ምን ያህል መብላት እንደሚችሉ እያሰሉ ነው። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ፤ ነከሱት።

ሲያኝኩ እንባቸው ወረደ። ደረቅ ዳቦ ጥርስ እንደሚያሳምም ስለማውቅ አላዘንኩላቸውም። ከዚያ ሰንጢ አወጡና ንክሻው መሐል ላይ በጥንቃቄ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ፈለፈሉ። የፈለፈሉትን ብናኝ በጣታቸው አንስተው በሉት። የነከሱት አልበቃ ብሏቸው ፍርፋሪውን እንኳ ሊተዉ አልቻሉም!

የምወዳቸው ሰው ነበሩ። መሰላሉን እየዘለልኩ የወረድኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ኦይኒሳ-ኾላ ከሴት ልጃቸው ቤት ተመልሰው ስለነበር እሳቸው ዘንድ ገባሁ። ወጥ ቤት ነበሩ። ወደ እንግዳ ክፍሉ ተንሸራተትኩ፤ ዳቦው ሚስማሩ ላይ ነው። ንክሻው አለ፣ መሐሉ ላይ ጉብታዋ አለች። ይህ አላታለለኝም፤ የበሉት ከግድግዳው በኩል ነው ማለት ነው አልኩ። ጀርባውን ለማየት ፍራሾቹ ላይ ወጣሁ። ፍራሾቹ ከነእኔ ተናዱ።

«ምንድን ነው እሱ?» ኦይኒሳ-ኾላ በር ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ።

«ጀርባውን ላይ ነው።»

«የማንን ጀርባ?»

«የዳቦውን። ሙሉ መሆኑን።»

አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ዳቦውን ከሚስማሩ አወረዱና አገላበጡልኝ። ጀርባው ሙሉ ነው። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ አሸተቱት፣ ለረጅም ጊዜ። የልጃቸውን ሽታ ፍለጋ መስሎኝ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ።

«ሙሉ ነው» አሉ። «አየሽ አይደል? ዛፋር ይመጣል።»

«ኖርማት-አካ ቢርባቸውስ?»

«እሳቸው ቢርባቸው እኔ የት ሄጄ? እንቺ» ብለው በኪሴ ሙሉ የደረቀ አፕሪኮት ጨመሩልኝ። «አፍሽ ሙሉ ሲሆን ያምርብሻል።»

ያ ዳቦ ሲነከስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሙሉ ነው። ከአንድ ነገር በስተቀር መልስ አልነበረውም፤ እንደ እንሽላሊት ጅራት ተመልሶ በቅሏል። ግን እስከ መቼ? ስንቴ ይበቅላል?

መልሱን ያመጡት ራሳቸው ኖርማት-አካ ናቸው። በዚያው ሳምንት ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ክብ ቆርቆሮ፣ መሐሉ የተበሳ፣ ከሽቦ ጋር ይዘው ገቡ። ዳቦውን ከሚስማሩ አንስተው ከጣሪያው ወራጅ በሽቦ አንጠለጠሉት፤ ከዳቦው በላይ ቆርቆሮው እንደ ባርኔጣ ይዞራል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የዛፋር አባት?»

«ለአይጥ። በሽቦው ወርዳ እዚህ ላይ ስትረግጥ ቆርቆሮው ያዘነብላል፣ እሷ ትወድቃለች። ለጥንቃቄ ያህል ነው።»

«ቤታችን አይጥ አለ እንዴ?»

«የለም! አለ ያለሽ ማነው? የለም።»

«እሺ።»

የአይጡን ወሬ አላመንኩም። አባቴ ሲጋራ ለመተው በሚምልበት ሰሞን ፓኮውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጠው ነበር። ኖርማት-አካም ዳቦውን ከራሳቸው ነው ያራቁት ብዬ ትንሽ ተረጋጋሁ፤ ይቅርታም አደረግሁላቸው። ቢሆንም በየቀኑ እየሄድኩ ከማየት አልቦዘንኩም።

እውነቱን የነገሩኝ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ነው፤ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። ያየሁትን ስነግራቸው ሻይ ትን እስኪላቸው ሳቁ።

«ቅቤ? ቅቤ አልሽ?» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሻይ ነው እኮ! ያረጀ እንዲመስል።»

ኦይኒሳ-ኾላ ሴት ልጃቸው ወልዳ አራስ ጥየቃ የሄዱ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ኖርማት-አካ ወደ እንግዳ ክፍሉ ሲገቡ ዳቦው ከሚስማሩ ወድቋል፤ አይጥ ውስጡን ቦርቡራ ቅርፊቱን ትታዋለች። የቀረው ንክሻው ያለበት ጠርዝ ነው። «ድልድይ ቢወድቅ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ቀን ግን ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተመልሳ መጥታ ያንን ብታይ፣ ልጄ ሞቷል ብላ ያን ቀን ለቅሶ ትቀመጥ ነበር። ማን ያነሳታል?» ከሚስታቸው የመጨረሻ ጋገራ የተረፈ ዳቦ አገኙ፤ ጌጡ ያው የሮማን አበባ ነው። ጣሪያ ላይ አደረቁት። ከዚያ ንክሻው መጣ። «እኔ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም፣ ሳዮራ። ሥራ ቀርቼ ግን የማላምንበትን ነገር ስጠግን ዋልኩ። ያቺን የጥርሱን ጉብታ ስሠራ የያዝኩትን ትንፋሽ ለፓምፕ ጣቢያው አልያዝኩትም።»

«ያለቀሱትስ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነዋ» አሉ፤ ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኦይኒሳ እንዳትሰማ።»

ኦይኒሳ-ኾላ ከወይኑ ሐረግ ሥር ተቀምጠው ሩዝ ይለቅሙ ነበር። ራቅ ብለው ነው፤ በጣም ራቅ ግን አላሉም።

ዛፋር የመጣው ከዚያ በጋ በኋላ፣ ቱት የሚባለው የዛፍ ፍሬ ሲበስል፣ መንገዱ ሁሉ በረገፈው ፍሬ በጠቆረበት ሰሞን ነው። አንድ ቀጭን፣ የማላውቀው ሰው በራቸው ላይ ቆሞ እንዴት እንደሚያንኳኳ የረሳ ይመስል ነበር። ከዚያ ጩኸቱ መጣ፤ እናቴ እጇን ሳትጠርግ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። ግቢው በአፍታ ሞላ፤ አንዱ በግ ይጎትታል፣ ሌላው ይደንሳል፣ የሚያለቅሱት ከሁሉም ይበዛሉ።

«መጀመሪያ ዳቦው!» አሉ ኦይኒሳ-ኾላ። «ከዚያ በፊት ውሃ እንኳ የሚሰጠው የለም!»

ኖርማት-አካ በርጩማ ላይ ወጥተው ዳቦውን አወረዱ። የተንጠለጠለው በቀይ የሐር ክር ነበር፤ ለደስታው ቀን ያሰሩለት ጌጥ ነው ብዬ አደነቅሁ። ከበርጩማው ግን ቶሎ አልወረዱም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ፣ መልሰው አወረዱ። ንክሻውን አዩት። አውራ ጣታቸውን ውስጡ አስገብተው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ። ኦይኒሳ-ኾላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን እያስተካከሉ ነበር፤ የተስተካከለውን ክዳን።

«ዳቦ ሲደርቅ ይሸበሸባል» አሉ ኖርማት-አካ፣ ለማንም ሳይሉ።

ሊያዙ ነው! አልኩ እኔ፣ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ። ዛፋር ዳቦውን ተቀበለ። እሱም ንክሻውን አየ፣ ምላሱን በተሸረፈችው ጥርሱ ላይ አዞረ፣ አባቱን ቀና ብሎ አየ። ሻይ ውስጥ እየነከረ በላ። እሱ ሲያኝክ ሰው ሁሉ ያዳምጣል። እያንዳንዷን ጉርሻ ቆጠርኩ፤ በዚያን ቀን እናቴም አብራ ስለምትቆጥር አልተቆጣችኝም። መዳፉ ላይ የቀረውን ብናኝ ወደ አፉ ሲያስገባ ኦይኒሳ-ኾላ «በቃ» አሉ፤ «አሁን ውሃ ስጡት።»

ከዚያ ወዲህ አገር ስሟን ቀየረች፣ ገንዘቡ ተቀየረ፣ እኔም አገባሁ፣ ከአባቴ ቤት ሳልርቅ። የጎረቤታችን ወራጅ ላይ ዳቦዎች ወጡ፣ ዳቦዎች ወረዱ። አንዱ የልጅ ልጅ ለትምህርት ታሽከንት፣ ሌላው ለግንበኝነት ሩሲያ፣ አንዷ ሙሽራ ሆና ሳማርካንድ። ሁሉም ከቆርቆሮው ሥር። ኖርማት-አካ አርጅተው ከፓምፕ ጣቢያው ይልቅ በዚያች ቆርቆሮ የሚኮሩ ሆኑ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ።

«ጣቢያው ስንት ጊዜ ተጠገነ፤ ድልድዩም ተለጥፏል። ከሠራሁት ሁሉ ያላሳፈረኝ ይሄ ነው። አይጥ አንድም ቀን አላለፈችውም!»

«እንዴታ» ይላሉ ኦይኒሳ-ኾላ፣ ሻይ እየቀዱ።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደከመና ታሽከንት ሆስፒታል ሊወስዷቸው ሆነ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። መኪናው በር ላይ እያለ ኦይኒሳ-ኾላ በምርኩዝ እየተራመዱ ዳቦ ይዘው ወጡ። ኖርማት-አካ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከአፋቸው አውጥተው ዛፋርን አስያዙት።

«አባባ፣ በጥርስዎ ይንከሱ እንጂ!»

«ይሄ የፋብሪካ ነው፤ የእኔ ንክሻ አይባልም» ብለው በድዳቸው ጫን አደረጉት። ጠርዙ ላይ እንደ ሕፃን አውራ ጣት ያለች ስርጉድ ብቻ ቀረች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱት በሰው ትከሻ ነው።

አርባቸው ባለፈው ሳምንት ነበር። ሰዉ ከተበተነ በኋላ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ቀረን፤ ኦይኒሳ-ኾላ፣ ዛፋርና እኔ። ዛፋር ዛሬ ስድሳ ደርሷል፣ አባቱን መስሏል። ወደ ወራጁ አንጋጦ ያቺን ስርጉድ ያለባትን ዳቦ አየ።

«እማዬ፣ የአባባን ዳቦ ምን እናድርገው? እናውርደው?»

«ምን አስቸገረህ?» አሉ።

«ምንም። ይቆይ ካሉ ይቆያል። ከቆርቆሮው ሥር እስካለ ድረስ አይጥ አይነካው።»

ስለ ቆርቆሮው ሲነሳ እኔ ሳቄ መጣ። ሰውየው አልፈዋል፣ ምሥጢሩ ከእንግዲህ ማንን ይጎዳል ብዬ የጣሪያውን ታሪክ ለኦይኒሳ-ኾላ አወራሁላቸው፤ አይጧን፣ ቅቤውን፣ መለኪያውን። ዛፋርም ሳቀ፤ አይጥ ዳቦውን እንደበላችውና አባቱ እንደተኩት ከሳቸው ሰምቶ ኖሯል።

ኦይኒሳ-ኾላ አልተገረሙም። «አውቄ ነበር። ሻይ ሻይ ይሸት ነበር» አሉ።

«አውቀው ነው ዝም ያሉት?» አልኩ።

«ምን ልበል? ሰውየው ለፍተዋል።»

ዛፋር ምላሱን በተሸረፈችው ጥርሱ ላይ አዞረ።

«ግን አባባ አንድ ነገር ስተዋል። የእኔ ጥርስ ጉብታ ትተዋለች፤ እኔ የበላሁት ዳቦ ላይ ግን አልነበረችም። ንክሻው ደግሞ ጠባብ ነበር። አባባ ለክተው የሚስቱ ሰው አልነበሩም፤ ተጨንቀው ነው ብዬ ሳልነግራቸው ቀረሁ።»

«አልሳቱም!» አልኩ። «በሰንጢ ሲፈለፍሏት በዓይኔ አይቻለሁ። ሚስማሩ ላይም አይቻታለሁ፣ ጉብታዋ ነበረች!»

ዛፋርና እኔ ተያየን። ኖርማት-አካ በርጩማው ላይ ቆመው አውራ ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር ሲያሳልፉ ታየኝ። ያ ቀይ የሐር ክርም ታየኝ፤ ሽቦው በነበረበት ቦታ ላይ። ሁለታችንም ዞረን ኦይኒሳ-ኾላን አየናቸው። እሳቸው ፒያላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሻያቸውን ፉት አሉ፤ አስቀመጡት፤ ወደ ቆርቆሮው ቀና ብለው አዩ።

«አይጧ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣች መሰላችሁ?»